ድመት ለመረከብ ማስከፈል ይሻላል፣ መዋጮ መጠየቅ ወይስ በነፃ መቀበል? ለአነስተኛ የድመት ማዳኛ ቡድኖች የንጽጽር መመሪያ

አገር ቤት ድመት ስትወልድ ግልገሎቹ ለጎረቤት ይታደላሉ፤ አይጥ ያስቸገረው ሰው ደግሞ ራሱ መጥቶ ይለምናል። ድመት የሚሰጥ ሰው በላዩ ላይ ገንዘብ ይጨምር ቢባል የሚያምን የለም። በዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር አበሻ ድመቱን ሊያስረክብ ደውሎ «50 ዶላር ይዘው ይምጡ» ሲባል ግር የሚለው ለዚህ ነው። በየሳሎኑና በየምድር ቤቱ ድመት የሚያሳድሩት የአሜሪካ ቡድኖችም ቢሆኑ በዚሁ ጉዳይ ስብሰባ በተቀመጡ ቁጥር ይከራከራሉ። መመሪያው የተጻፈው ለእነሱ ነው፤ በተለይ ሕንፃ ለሌላቸውና ድመቶቹን በጊዜያዊ አሳዳጊዎች ቤት ለሚያቆዩ።

ሁለት ክፍያዎች እንዳይምታቱ። አዲሱ ባለቤት ድመት ሲወስድ የሚከፍለው አንድ ነው፤ ድመቷን ከሚያስረክበው ሰው የሚጠየቀው ሌላ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው። «ገንዘብ ያልከፈለ ሰው ኃላፊነት አይሰማውም» የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተሻገረ ነው፤ እዚያም ቢሆን መሠረቱ ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ድመት በነፃ የወሰዱና ከፍለው የወሰዱ ሰዎች ከድመታቸው ጋር ባላቸው ቁርኝት ልዩነት አልተገኘባቸውም።

መለኪያዎቹ

ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት አምስት ጥያቄዎች መልስ ይፈልጋሉ። ክፍያው ከወጪው ምን ያህሉን ይሸፍናል? አስረካቢውን እውነት ያናግረዋል ወይስ ያስዋሸዋል? ሰውየው መክፈል ቢያቅተው ድመቷ ዛሬ ማታ የት ታድራለች? ቡድኑ ከአቅሙ በላይ እንዳይቀበል ይረዳል? ገንዘቡን መሰብሰብ፣ ደረሰኝ መጻፍና መከራከር የስንት ሰው ሥራ ነው?

አብዛኛው ቡድን የሚወያየው በመጀመሪያው ብቻ ነው። ትልቁን ወጪ የሚያመጣው ግን ሁለተኛው ነው።

የአንድ ወር ሂሳብ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተቀመጡ ናቸው፤ በየቦታቸው የራሳችሁን ክሊኒክ ዋጋ ተኩ። አንዲት ጤነኛ ጎልማሳ ድመት ለማዘጋጀት፦ ማምከን 90 ዶላር፣ ኤፍቪአርሲፒ የሚባለው ጥምር ክትባት 15፣ የኤፍአይቪና የድመት ሉኪሚያ (ሁለት ተላላፊ የድመት ቫይረሶች) ምርመራ 30፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት 15 (ስሙ ቢያስቅም ለድመትም ይሰጣል)፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳዋ ሥር የሚገባ መለያ) 10፣ የቁንጫና የትል መድኃኒት 15። ድምሩ 175 ዶላር። ምግብና የመጸዳጃ አሸዋ በቀን 1.50 ቢሆንና ድመቷ 45 ቀን ብትቆይ 67.50 ይጨመራል፤ 242.50 ደረሰ። አዲሱ ባለቤት 125 ይከፍላል። 117.50 ይጎድላል።

ቡድኑ 9 ማቆያ ቦታ ካለው በወር ስንት ድመት ይቀበላል? ቦታውን በ30 አባዝታችሁ ለአማካይ የቆይታ ቀን አካፍሉ፦ 9 × 30 ÷ 45 = 6። ስድስቱ ድመቶች 705 ዶላር ያጎድላሉ። ከስድስቱ አንዷ ጥርስ ማስነቀል ቢያስፈልጋትና 600 ዶላር ቢወጣ የወሩ ጉድለት 1,305 ይሆናል።

አሁን 50 ዶላር አስከፍሉ። በካርድ ሲከፈል 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ተቆርጦ 48.25 ይገባል፤ ስድስቱም ቢከፍሉ 289.50። ይህ የጉድለቱ 22 በመቶ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ «መንገድ ላይ አገኘኋት» ብለው ሳይከፍሉ ቢሄዱ 193 ዶላር፣ ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። ክፍያው ቡድኑን አያድነውም፤ ወጪውን ይሸፍናል ብሎ የሚከራከር ሰው ይህን ሂሳብ አልሠራም ማለት ነው።

ያንኑ ቀመር በሌላ በኩል እዩት። አማካይ ቆይታ ከ45 ወደ 36 ቀን ቢወርድ በወር 7.5 ድመት መቀበል ይቻላል፤ ወደ 30 ቢወርድ 9። ቆይታን የሚያሳጥረው ዋናው ነገር ደግሞ ስለ ድመቷ ያለው መረጃ ነው።

ውሸቱ ስንት ያስወጣል?

50 ዶላር ላለመክፈል ሦስት ዓመት ያሳደጋትን ድመት «አገኘኋት» የሚል ሰው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ያ ቃል ከተነገረ በኋላ ግን ብዙ ነገር ይበላሻል።

መጀመሪያ ሕግ አለ። ባለቤቱ ያልታወቀ እንስሳ ለአዲስ ሰው ከመሰጠቱ በፊት የሚቆይበት ጊዜ በየግዛቱ ይለያያል፤ ቨርጂኒያ ውስጥ መጠለያ ለገባ እንስሳ ቢያንስ 5 ቀን ነው፣ የባለቤት መለያ ካለው ሌላ 5 ቀን ይጨመራል። ባለቤቷ ፈርሞ ያስረከባት ድመት ግን ይህን መጠበቅ የለባትም።

ቀጥሎ ሕክምናው አለ። መመከኗ ካልታወቀ ሐኪሙ ሆዷ ላይ አረንጓዴዋን የንቅሳት መስመር ይፈልጋል፤ ካላገኘ ጠባሳ፤ ጠባሳውም ካልታየ ከዓመታት በፊት የመከነችን ድመት ለከንቱ ቀዶ ይዘጋታል። ከዚያ በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን ማገገም አለ። ክትባቷም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ሦስተኛው አመሏ ነው። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባላልና፣ ምንጣፍ ላይ የምትሸና ድመት አዲስ ቤት ገባች ተብሎ አትተውም። መሽናቷን ያወቀ ቡድን ሽንቷን ያስመረምራል፣ ሰፊ የመጸዳጃ ሳህንና ሽታ የሌለው አሸዋ ይሞክራል፣ ምንጣፍ የሌለው ቤትም ይፈልግላታል። ያላወቀ ቡድን በሦስተኛው ሳምንት መልሶ ይረከባታል።

ሁለት ታሪካቸው ያልታወቀ ድመቶች እያንዳንዳቸው 15 ቀን ተጨማሪ ቢቆዩ በወር 30 የማቆያ ቀን ይባክናል። በሦስት ወር 90 ቀን ይሆናል፤ ይህም የሁለት ድመቶች ቦታ ነው። ሁለት ድመት «ቦታ የለንም» ተብላ የምትመለሰው እንግዲህ በክፍያው ሰበብ ነው።

አማራጮቹን አንድ በአንድ ብናይ፦

ምንም አለማስከፈል። እውነት ለማናገር የሚበልጠው የለም። የሚወድቀው በአቅም ላይ ነው፦ አጎራባች ካውንቲዎች እያስከፈሉ እናንተ ብቻ በነፃ ከተቀበላችሁ ስልኩ አያርፍም። መፍትሔው ግን ዋጋ አይደለም፤ የዚፕ ኮድ ገደብና ቀጠሮ ነው። ቀጠሮ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ሚሊዮን ካት ቻሌንጅ (በዴቪስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ዶክተር ኬት ኸርሊና የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲዋ ዶክተር ጁሊ ሌቪ የመሩት ንቅናቄ) መጠለያዎችን ሲመክር የነበረው ቅበላን በቀጠሮና በአቅም ልክ እንዲያደርጉት ነው። ቀጠሮው መጨናነቅን ያስቀራል፤ ሰውየውም በጥድፊያ ፈንታ ሌላ መላ የሚፈልግበት ጊዜ ያገኛል።

ቁርጥ ክፍያ። ለመናገር ይቀላል፣ አድልዎ አለበት አይባልም። ጉዳቱን ከላይ አይተነዋል። ማስከፈል ግድ ከሆነ ዋጋው ሰውን የማያስዋሽ ዝቅተኛ ይሁን፤ 20 ወይም 25 ዶላር። ስልክ የሚያነሳው በጎ ፈቃደኛም ማንንም ሳያስፈቅድ «ይቅር» የማለት ሥልጣን ይኑረው። ይቅርታው በኮሚቴ የሚወሰን ከሆነ መልሱ ማክሰኞ ይመጣል፤ ድመቷ ደግሞ ቅዳሜ ማታ በካርቶን ተደርጋ ደጃፍ ላይ ትገኛለች። እንስሳ መጣል በብዙ ግዛቶች ወንጀል ነው፤ ካርቶኑ ላይ ግን ስም አይጻፍም።

እንደ ድመቷ ሁኔታ የሚለያይ ክፍያ። የመከነችና የተከተበች 25፣ ያልመከነች 75፣ ከ10 ዓመት በላይ የሆናት 150 የሚል ዓይነት ሠንጠረዥ ነው። ሲታይ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ወጪ የምታስወጣው ብዙ ትክፈል እንደማለት። ችግሩ ያልመከነችና ያረጀች ድመት በብዛት ያለችው ገንዘብ በሌለው ሰው ቤት መሆኑ ነው። ከፍተኛው ዋጋ ለመጣል በቀረበችው ድመት ላይ ይለጠፋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሠንጠረዡ ሊያመጣው የፈለገውን ውጤት በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል። ያልመከነች ድመት ያለው ሰው ሲደውል የርካሽ ክሊኒክ ቀጠሮ ያዙለት፣ ወጪውን ቡድኑ ይክፈል፤ ድመቷ ግን ተመክና በራሷ ቤት ታገግም። ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ በነፃ ተረከቧት። 90 ዶላሩን ለማንኛውም ትከፍሉት ነበር፤ ሁለት ሳምንት ቦታ አተረፋችሁ። ከዚህ የተነሳ ጥቂት የማይባል ሰው ከማምከኑ በኋላ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ያስቸገረው የወንዱ ሽንት መርጨት ወይም የሴቷ ሌሊት መጮኽ ነበርና።

እንደ አምጪው አቅም። ማስረጃ ካልተጠየቀ በቀር ጥሩ ነው። የደመወዝ ወረቀት ወይም የምግብ ድጎማ ካርድ አሳዩ ማለት ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ስልኩን ይዘጋል። 0፣ 40 ወይም 120 ብሎ ማስመረጥ ይበቃል፤ እንዲህ ከሆነ ግን ከመዋጮ ብዙም አይለይም።

መዋጮ መጠየቅ። ከጠቅላላው ለአነስተኛ ቡድን የሚመረጠው ይህ ነው፤ በአንድ ጥብቅ ሁኔታ። መዋጮው የሚጠየቀው ድመቷ ተቀባይነት ካገኘችና ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተጠየቀ ስሙ መዋጮ ሆኖ ሥራው ክፍያ ይሆናል። ታክስም ላይ ልዩነት ያመጣል፦ ቡድኑ 501(c)(3)፣ ማለትም በአሜሪካ ሕግ ከታክስ ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ በፈቃድ የተሰጠ ገንዘብ ለሰጪው ከታክስ ተቀናሽ ሊሆን ይችላል፣ ግዴታ የሆነ ክፍያ ግን አይሆንም። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጠ የጽሑፍ ማረጋገጫ ይላክለት።

ሳይረከቡ ማገዝ። ድመቷ ባለችበት ቤት ትቆያለች፤ ቡድኑ ያስከትባታል፣ ቺፕ ያስገባላታል፣ ፎቶዋን አውጥቶ አዲስ ባለቤት ይፈልግላታል። አዶፕት ኤ ፔት የተባለው ድረ ገጽ «ሪሆም» አገልግሎትም ለዚሁ ይውላል። ማቆያ ቦታ አይነካም፤ ሶፋዋ ላይ የተጋደመች ድመት ፎቶም በሳጥን ውስጥ ከተሸማቀቀችው ይልቅ ሰው ይስባል። የሚሠራው ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት ሲቻል ነው፤ ለምሳሌ የቤት ኪራይ ውሉ በወር መጨረሻ ለሚያልቅ ሰው። ነገ ከቤት ለሚወጣ፣ ሆስፒታል ለገባ ወይም ከሚደበድባት ሰው ለምትሸሽ ሴት ይህን ማቅረብ ነውር ነው።

| አማራጭ | ወጪ መሸፈን | እውነት ማናገር | የመጣል አደጋ | የሥራ ጫና |
|---|---|---|---|---|
| ምንም አለማስከፈል | 0 | በጣም ጥሩ | ዝቅተኛ | ቀጠሮ መያዝ ብቻ |
| ቁርጥ፣ 50 ዶላር | በምሳሌው ከ15–22 በመቶ | ደካማ | ከፍተኛ | ገንዘብ መቀበል፣ ይቅርታ መስጠት |
| ቁርጥ፣ 20–25 ዶላር | 10 በመቶ ገደማ | መካከለኛ | መካከለኛ | ያው |
| እንደ ድመቷ ሁኔታ | ከቁርጡ ትንሽ ይሻላል | በጣም ደካማ | በጣም ከፍተኛ | ክርክር ይበዛል |
| እንደ አቅም፣ ያለ ማስረጃ | ይለዋወጣል | ጥሩ | ዝቅተኛ | መካከለኛ |
| መዋጮ፣ ከርክክብ በኋላ | ይለዋወጣል | በጣም ጥሩ | ዝቅተኛ | ደረሰኝ መላክ |
| ሳይረከቡ ማገዝ | ወጪው ራሱ ይቀንሳል | በጣም ጥሩ | ጊዜ ካለ ዝቅተኛ | ስልክ ይበዛል |

ለየትኛው ቡድን የትኛው?

ከ10 ያነሰ ማቆያ ያለውና ደመወዝተኛ የሌለው ቡድን፦ ቀጠሮ፣ ሳይረከቡ ማገዝ፣ ከዚያ መዋጮ። ኪራይና ደመወዝ ያለበት መጠለያ፦ ዝቅተኛ ቁርጥ ክፍያ ከፈጣን ይቅርታ ጋር ሊሸከመው ይችላል፤ ቢያንስ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው አለው። በከተማ ወይም በካውንቲ ውል የሚሠራ ድርጅት ከማስከፈሉ በፊት ውሉን ያንብብ፤ ግብር ከፋዩ ለአገልግሎቱ አንድ ጊዜ ከፍሏል።

የባንክ ሂሳቡ የደረቀ ቡድን ግን ማስከፈል ሳይሆን ለጊዜው መቀበል ማቆም አለበት። 50 ዶላር ተቀብሎ 117 ዶላር የምታጎድል ድመት ማስገባት ዕዳ መግዛት ነው።

ከእነዚህ ውጭ ክርክር የማያስፈልጋቸው ጉዳዮች አሉ። ከቡድኑ የተወሰደች ድመት ስትመለስ ምንጊዜም በነፃ ነው፤ ውሉ «ካልቻላችሁ ለእኛ መልሱ» ይላል፣ በመመለሻው በር ላይ ዋጋ መለጠፍ ውሉን ማፍረስ ነው። የመንገድ ግልገሎችን አንስቶ ላመጣ ሰውም በነፃ፤ ወተትና ነዳጅ ከኪሱ አውጥቷል። ሦስተኛ ጊዜ ግልገሎች ይዞ የመጣ ሰውስ? ብዙዎች ቅጣት እንዲሆንበት ማስከፈል ይቃጣቸዋል። ገንዘቡ ግን አራተኛውን ወሊድ አያስቀርም። ግልገሎቹን ሁሉ በነፃ ተቀበሉ፣ እናቲቱን ለማምከን ይዞ መምጣቱ ግን ቅድመ ሁኔታ ይሁን፤ ቀጠሮውን እዚያው ቆሞ እያለ ያዙለት። ድመት ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው የምታረግዘው፤ እያጠባችም ልታረግዝ ትችላለች፣ ሴት ግልገል ደግሞ በአራት ወሯ። «ሌላ ጊዜ ይዣት እመጣለሁ» ማለት ሌላ አራት ግልገል ማለት ነው። ዘር እያራባ ለሚሸጥ ሰው ብቻ ሙሉውን ወጪ ያለ ሐፍረት ጠይቁ።

ስልኩና ርክክቡ

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ገንዘብ ከሆነ ሌላው ሁሉ ተደብቆ ይመጣል። ስለ ጤና ጀምሩ። ድመቱ ወንድ ከሆነና ደጋግሞ ሳህን ውስጥ እየተቀመጠ ሽንት ካልወጣው ቀጠሮ አትስጡት፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። የሽንት ቧንቧው ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። «ሰነፍ ሆነ፣ ምንጣፍ ላይ ሊሸና ይሞክራል» ብሎ ሊያስረክብ የሚደውል ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለዚህ ነው።

ቅጹ ላይ «የሽንት ችግር አለባት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «የለም» ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ ከሳህኗ ውጭ የሸናችው መቼ ነው? ምን ላይ? ልብስ፣ ምንጣፍ ወይስ መታጠቢያ ገንዳ?» ብትሉ ሰው አስቦ ይመልሳል። አማርኛ ተናጋሪ ሰፈር የምትሠሩ ከሆነ ቅጹን በአማርኛም አዘጋጁ፤ እንግሊዝኛውን ልጆቻቸው እየተረጎሙ የሚሞሉ እናቶች ግማሹን ባዶ ይተዉታል።

በቀጠሮው ቀን የክትባት ወረቀት፣ የለመደችው ምግብና አሸዋ፣ የተኛችበት ጨርቅ፣ ቤት ውስጥ የተነሡ ሦስት ፎቶዎች ይምጡ። ቺፑን ስታነቡ መሣሪያውን ከትከሻዋ መሐል ጀምራችሁ በሁለቱም ጎን እስከ ክርኗ ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ፤ ካልጮኸ ድገሙት፣ ቺፕ ከቦታው ይንሸራተታል። በሌላ ሰው ስም ከተመዘገበ ሳትደውሉ አትፈርሙ፤ የተለያዩ ባልና ሚስት ድመት ላይ ክስ ሲመሠርቱ ቡድኑ መሐል ይገባል። አዲሷን ገቢ ለ14 ቀን ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩ፤ ፓንሉኮፔኒያ (ተላላፊና ገዳይ የድመት የቫይረስ በሽታ) እስኪገለጥ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ ጭርትም ወዲያው አይታይም። ፓንሉኮፔኒያ የገባበት ክፍል ታጥቦ በአንድ እጅ በረኪና ለ32 እጅ ውኃ ካልተጸዳ ቫይረሱ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ፊርማው ካለቀና ድመቷ ከገባች በኋላ ስለ ገንዘቡ ይነሣ፦ «ስላመጡልን እናመሰግናለን። እሷን ለማዘጋጀት ወደ 240 ዶላር ይወጣል፤ የቻሉትን ቢያግዙን ደስ ይለናል፣ ባይመችዎትም ምንም አይደለም።» ከዚያ ዝም ማለት። የካርድ ማንበቢያውን ዘርግቶ መቆምም፣ ሰውየው እያየ የመዋጮ ሳጥኑን ወደ እሱ መግፋትም አያስፈልግም። የመክፈያ አድራሻ ያለባት ትንሽ ወረቀት ከውሉ ቅጂ ጋር ትያያዝ።

ስምምነት ካጣችሁ ሦስት ወር በመዋጮ፣ ሦስት ወር በ25 ዶላር ሞክሩና ስድስት ነገር መዝግቡ፦ የገባው ገንዘብ፣ «አገኘኋት» የተባሉ ድመቶች ብዛት፣ ከእነዚያ ውስጥ ቺፕ የተገኘባቸው ወይም መክነው የተገኙ፣ ደጃፍ ላይ የተጣሉ፣ አማካይ የቆይታ ቀን፣ ደውሎ የቀረ ሰው ብዛት። ሚያዝያን ከጥር ጋር ግን አታወዳድሩ፤ የግልገል ወቅት ከፀደይ እስከ መኸር ስለሆነ ቁጥሩ ያለ ክፍያም ይለወጣል። የዘንድሮውን ሦስት ወር ከመጪው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር አስተያዩ።